ኳስ የታቀፈው ሰውዬ

ባሌ ወንበር ያውቃል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው የሚለው። በመሥሪያ ቤቱ የቢሮ ዕቃ ግዢ ኃላፊ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በሚሽከረከሩና ከፍ ዝቅ በሚሉ ወንበሮች ላይ እየተቀመጠ ሲፈትሽ ይውላል። ሰው ቤት ስንጋበዝ እንኳ ገና ሰላምታው ሳያልቅ የተቀመጠበትን በመዳፉ ጫን ጫን ያደርግና፣ ባለቤቶቹ እየሰሙ፣ "ስፖንጁ ሞቷል" ይላል። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ እኚህ የወንበር ሊቅ አንድ ቅዳሜ መኪናችንን ይዘው ወጥተው ሲመለሱ ፊት ያሉት ሁለቱ ወንበሮች ተቀይረዋል። የእሽቅድምድም ወንበር ነው አሉኝ። ጥቁርና ቀይ፣ ጎንና ጎኑ እንደ ገንዳ ከፍ ያለ፣ ትከሻው ላይ ሁለት ቀዳዳ ያለው። ቀዳዳው ለምንድነው ብዬ ብጠይቅ፣ "ለዲዛይን ነው" ብለው አፍንጫቸውን ነፉ።

መኪናዋ የሁለታችን ናት፤ የምትሠራው ግን ለእኔ ነው። እሱ ቢሮ የሚሄደው በሰርቪስ ነው። እኔ ኬክ ጋግሬ ለየሠርጉና ለየልደቱ አደርሳለሁ። የድሮው ወንበር ጠፍጣፋ ስለነበር የኬኩን ካርቶን ጎኔ አስቀምጬ፣ በቀበቶ አስሬ፣ ጭልጥ እል ነበር። አዲሱ ወንበር ላይ ካርቶኑ ገንዳው መሃል ገብቶ ያጋድላል። መጀመሪያ የወሰድኩት ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ሙሽሮቹ ዘንድ የደረሰው ሊወድቅ እንደደረሰ አጥር ዘሞ ነበር። ለባሌ ስነግረው፣ "ኬኩን ዝቅ አድርገሽ ሥሪው" አለኝ። የእሱ ወንበር ከሚነካ የሰው ሠርግ ቢያጥር ይሻለዋል።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ሰውዬው ነው።

የመኪና ቁልፍ ሲከፈት ከመሪው ኋላ ያሉት መብራቶች ሁሉ ባንድነት ቦግ ይሉና፣ ደህና ነን ብለው የሚሄዱ ይመስል አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ከእነሱ መሃል አንዱ ቀይ ሰውዬ ነው፤ ቀበቶ አስሮ ተቀምጧል፣ ፊቱ ላይ ትልቅ ኳስ አለ። የኤርባጉ፣ በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰው የሚያድነው የአየር ከረጢት፣ ምልክት ነው። እኔ ኳስ የታቀፈው ሰውዬ እለዋለሁ። መኪናዋን መንዳት ከጀመርኩ አንስቶ ጠዋት ጠዋት ብቅ ብሎ ሰላም ብሎኝ ይሄድ ነበር። ወንበሩ በተቀየረ ማግስት ግን ሌሎቹ ሲሄዱ እሱ ቀረ። ሞተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት፤ ፍንክች አላለም። እስከ ደንበኛዬ ቤት ድረስ ኳሱን እንደታቀፈ ሲያፈጥብኝ ሄደ።

መኪናዋን ጋራዥ ወሰድናት። ኤሌክትሪሺያኑ ከወንበሩ ሥር ጭንቅላቱን ቀብሮ ሲወጣ፣ ጫፉ ባዶውን የቀረ ቢጫ ሶኬት ይዟል።

"የድሮዎቹ ወንበሮች ጎናቸው ውስጥ ኤርባግ ነበራቸው" አለ። "ይሄ ከነሱ ጋር ነበር የሚገናኘው። አሁን ኮምፒዩተሩ ሲፈልጋቸው ያጣቸዋል፤ ለዛ ነው መብራቱ የማይጠፋው።"

"ታዲያ ምን ችግር አለው?" አለ ባሌ።

"ችግሩማ ይሄ እየበራ ከተጋጫችሁ መሪው ውስጥ ያለውም ላይከፈት ይችላል። አደራ፣ እንዲህ ሆኖ አይነዳም። የድሮዎቹን አምጡልኝና ልግጠማቸው። የት ናቸው?"

እኔና ባሌ ተያየን። የድሮዎቹ ወንበሮች ሳሎናችን ውስጥ ናቸው። ባሌ የብረት እግር አስበይዶላቸው፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ደርድሯቸው፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ "እስቲ ተቀመጡበት፣ እንዲህ ያለ ምቾት የት ይገኛል?" እያለ ያስጎበኛቸዋል። ስለዚህ የእኛ ሳሎን ለክፉ አይሰጥም። ቴሌቪዥኑ በጎን መጥቶ ቢገጨን ምንም ሳንሆን እንተርፋለን።

"ሳሎን ናቸው" አልኩ፤ ሳቄ አመለጠኝ።

ባሌ አልሳቀም። ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ። መንገድ ላይ፣ "ይሄ ሰው ኤሌክትሪክ እንጂ ወንበር አያውቅም" አለ።

ከዚያ በኋላ ባሌ መኪናዋን ትቶ መብራቱን ማከም ጀመረ። አስቀድሞ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ሰካው፤ አንድ ቪዲዮ ላይ አይቶ ነው። ሬዲዮው የያዛቸውን ጣቢያዎች ሁሉ ረሳ፣ ሰዓቱ ተዛባ፤ ሰውዬው ግን ኳሱን ታቅፎ ብቅ አለ። ቀጥሎ ጥቁር ፕላስተር በጥፍር ልክ ቆርጦ ለጠፈበት። ለጥፎም ራቅ ብሎ ዓይኑን አጨንቁሮ፣ እንደ ሠዓሊ አየው። እኔ ጠዋት በጥፍሬ ላጥኩት። ማታ ለጠፈው። ጠዋት ላጥኩት። እንዲህ ስንለጥፍና ስንልጥ ሳምንቱ አለቀ።

በመጨረሻ ቮልት መጣ። ቮልት የባሌ ጓደኛ ነው፤ ስልክም፣ ማቀዝቀዣም፣ የሰው ትዳርም እሠራለሁ የሚል። የእኛን ቴሌቪዥን ሠርቶልን ከዚያ ወዲህ ድምፁ አይቀነስም። እሁድ ዕለት ሁለቱ መኪናዋ ውስጥ ተዘግተው ሲጎረጉሩ ዋሉና ደረታቸውን ነፍተው ወጡ።

"አስነሺው!" አለኝ ባሌ።

አስነሳሁት። ሰውዬው የለም። ቮልት እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ቀላል ነገር ነበር" አለ። ባሌ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ምሳም ጋበዝኳቸው፤ ምን ላድርግ።

በማግስቱ ጠዋት ኬኬን ጭኜ ቁልፉን ስከፍት መብራቶቹ ሁሉ ቦግ አሉ። የዘይቱ አለ፣ የባትሪው አለ፣ የፍሬኑ አለ። ኳስ የታቀፈው ሰውዬ ግን ጭራሽ አልመጣም። ድሮ ጤነኛ በነበረ ጊዜ እንኳ ለሰላምታ ብቅ ይል ነበር። ዘግቼ ደግሜ ከፈትኩ። የለም።

ማታ ባሌን ጠየቅኩት። "ሰውዬው ቁልፍ ስከፍት ለምንድነው ብቅ የማይለው?"

"ድሮ ስለታመመ ነበራ የሚወጣው። አሁን ዳነ።"

"ሳይታመምም ይወጣ ነበር እኮ።"

"አንቺ ደግሞ! ሲበራም ታማርሪያለሽ፣ ሲጠፋም ታማርሪያለሽ?"

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ተሠርቷል ወይስ አፉን ዘጋችሁት? እኔ ነኝ እኮ በየቀኑ መኪናዋ ውስጥ የምውለው። ብጋጭ ያ ነገር ይከፈታል አይከፈትም?"

ከሳሎኑ የመኪና ወንበር ላይ ተመቻችቶ ተንጋለለና ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "ይከፈታል። እናቴ ትሙት ተሠርቷል!" አለ።

ባሌ ብዙ ነገር ይዋሻል። የሸሚዙን ዋጋ ይዋሻል፣ የት እንደዋለ ይዋሻል፣ ቁመቱን እንኳ ይጨምራል። በእናቱ ግን ምሎ አያውቅም። እናቱ ዓይኑ ናቸው፤ ስልክ ሲደውሉለት ተነስቶ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ አመንኩ። አመንኩ ስል፣ ለማመን ወሰንኩ። ደንበኛ ሠርጌ ይቆይልሽ አይለኝም። ቢሆንም መንገድ ላይ ከባድ መኪና ጎኔ በመጣ ቁጥር ፍጥነት ቀንሼ አሳልፈዋለሁ። ፈርቼ ነበር። ለማን ይነገራል? ባሌ በእናቱ ምሏል።

እናቱ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ዓይናቸውን ሊታዩ። አማቴ ቀጭን፣ ምላሳቸው ከሰውነታቸው የሚወፍር ሴት ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ። ጠዋት ስንወርድ እንደ ልማዳቸው ቀጥ ብለው ወደ ፊት በር ሄዱ። አማቴ መኪና ውስጥ ኋላ ከተቀመጡ ያስመልሳቸዋል። ይህን ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። በእኛ ሠርግ ዕለት እንኳ ሙሽራዋን እኔን ኋላ ሰደው ፊት የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

ባሌ ሮጦ ቀደማቸው። "እማዬ፣ ዛሬ ኋላ ሁኚ።"

"ምነው? ኋላ እንደማይስማማኝ አታውቅም?"

"እኔ አብሬሽ እሆናለሁ፤ እይዝሻለሁ። መስኮቱንም እከፍትልሻለሁ።" ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንቺ ንጂ" አለ። ከኪሱ ፌስታል አወጣ። ቢያስመልሳቸው ብሎ ከቤት ይዞ ወጥቷል።

ኋላ አስገባቸው። ቀጥሎ ራሱ ገባና በሩን ዘጋ። እኔ ከመሪው ኋላ ተቀምጬ ጎኔን አየሁ። ያ ሁሉ የተባለለት ወንበር፣ ጥቁርና ቀዩ፣ ባለ ቀዳዳው፣ ባዶውን ተገትሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹን እየጠራ የሚያሳየው ወንበር ነው። ፌስታሏን አየሁ። ቤት ሆኖ፣ አስቦበት፣ መሳቢያ ከፍቶ ያወጣት ፌስታል ናት። ያን ጊዜ ገባኝ። ቁልፉን ሰክቼ ሳልከፍተው ተውኩት።

አማቴም ዝም አላሉም። "ይሄን የሚያህል ወንበር ባዶውን ትቶ እዚህ ምን ይወትፈናል? እኔ ፊት ነው የምሄደው፤ ክፈትልኝ።"

"እማዬ በናትሽ..."

"ፊት ምን አለ?"

"ምንም የለም። ጠባብ ነው።"

"ለእኔ? እኔ በመርፌ ቀዳዳ የማልፍ ሴትዮ?"

"አይ... ያው... ኤርባጉ ገና ነው። መብራቱን ነው ያጠፋነው እንጂ... ማለቴ፣ እንዲያው ድንገት ግጭት ምናምን ቢመጣ ኋላ ይሻላል ብዬ ነው። ለአንቺ ብዬ ነው።"

አማቴን በመስታወቱ አያቸዋለሁ። ልጃቸውን አዩ፣ የእኔን ጀርባ አዩ፣ ተመልሰው ልጃቸውን አዩ።

"እሷስ?" አሉ። "እሷ ኋላ ተቀምጣ ነው እንዴ የምትነዳው?"

ባሌ ፌስታሏን ማጣጠፍ ጀመረ።

"እማማ፣" አልኩ ፊቴን ሳላዞር፣ "እናቴ ትሙት ብሎ ነበር የማለልኝ። ተሠርቷል ብሎ።"

"እኔን ገድሎ ነዋ ኋላ የሚጭነኝ!" አሉ አማቴ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። እሳቸውም አልሳቁም። የልጃቸውን ጉልበት በጣታቸው ነካ አደረጉት።

"በል ውረድና ፊት፣ ከሚስትህ ጎን ተቀመጥ።"

ባሌ እጁን ወደ በሩ እጀታ ሰደደ። ጣቶቹ እጀታው ላይ አረፉ። በመስታወቱ እጁን አየዋለሁ። አልሳበውም። ፊት ያለውን ወንበር አየ፣ ወደ መንገዱ አየ፣ እጁ ግን እዚያው ቀረ።

እስከዚያ ጠዋት ድረስ ባሌን መናቅ ቀላል ነበር። እውነት ለመናገር ደስም ይል ነበር። በፕላስተሩ ስቄበታለሁ፣ በቮልት ስቄበታለሁ፣ ሳሎን ውስጥ ቀበቶ እንሰር ወይ እያልኩ እንግዳ ፊት ቀልጄበታለሁ። ሞኝ ነው ብዬ ነበር የምስቀው። ለካ ሞኝ አይደለም። አሳምሮ ያውቃል። አውቆ በየጠዋቱ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ "ቀስ ብለሽ ንጂ" እያለ እጁን ሲያውለበልብልኝ ከርሟል። ያ አቃጠለኝ፤ አሁንም ያቃጥለኛል።

ቁልፉን ነቅዬ ወረድኩ። የአማቴን በር ከፈትኩላቸው፤ ክንዴን ይዘው ወረዱ። ታክሲ አስቆምን። አማቴ ፊት ተቀመጡና ለሾፌሩ ገና ሳይጠይቃቸው፣ "የአንተ ኤርባግ ይሠራል?" አሉት። ሾፌሩ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

ከዓይን ሐኪሙ ስንመለስ ባሌ ከሳሎኑ ወንበሮች አንዱን ደረጃው ላይ አድርሶት፣ የተበየደውን የብረት እግር በመጋዝ እየቆረጠ አገኘነው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ቀና ብሎ አየኝ። ወንበሩን ተሻግሬ ወጣሁ። አማቴም ከኋላዬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተሻገሩት።

ኤሌክትሪሺያኑ የድሮዎቹን ወንበሮች ገጠመ፣ ቢጫውን ሶኬት ሰካ፣ መብራቱን ለማጥፋት ቮልት የቀበራትን ሽቦ በሁለት ጣቱ ይዞ እንደ ትል አሳየን። ቁልፉን ስከፍት ኳስ የታቀፈው ሰውዬ ከሌሎቹ ጋር ብቅ አለ፣ ትንሽ ቆየ፣ ሄደ። ናፍቆኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ኬኬም አሁን ሳያጋድል፣ ከነፎቁ ይደርሳል። የእሽቅድምድሙ ወንበሮች ሳሎን ገብተዋል። የሚቀመጥባቸው ሰው ግን የለም።

ባሌ አሁን የትም ስንሄድ ፊት፣ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው። ማንም ሳይለው። ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። እሱ ወደ መኪናዋ ሲመጣ ግን እኔ ፊቱን አላይም። በሩ ጋ ሲደርስ እጁን ነው የማየው።