ዳገቱ የወሰደው ሰዓት

«ያቺን ባለ ጥቁር ጃንጥላ ታውቂያታለሽ?» አለች ሮሴንዳ፣ ከንፈሯን ብዙ ሳታንቀሳቅስ።

እህቷ ሊጋያ የብስኩት ሰሃን እንደያዘች ወደ ግቢው በር አየች። «የመድኃኒት ቤቱ ሚስት ናት። ኧረ ተይ እባክሽ፤ ሰው ላይ አፈጠጥሽ።»

ሮሴንዳ አልተወችም። የባሏ የአርሴኒዮ ሬሳ ሳሎን ከገባ ጀምሮ ወንበሯን ያስቀመጠችው ጀርባዋን ለሳጥኑ፣ ፊቷን ለበሩ ሰጥታ ነው። ለቀስተኛው ሰው ለመቀበል መሰለው። እሷ ግን የምትጠብቀው አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አታውቅም፤ መልኳንም አታውቅም። በፊሊፒንሷ ቡላካን እንዲህ ያለችው የባል ውሽማ ዕድሜዋን ሙሉ ተደብቃ ትኖርና በለቅሶ ቀን ልጅ እየጎተተች ትመጣለች፤ ልጁም የሟቹን አፍንጫ ቁርጥ አድርጎ ይዞ ይገባል።

ሲዘንብ ስላደረ ድንኳኑ ሥር ያለው መሬት ጭቃ ሆኗል። ከቁማሩ ለሐዘንተኛው ቤት ድርሻ እያወጡ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች እግራቸውን ጣውላ ላይ ሰቅለዋል። ጠዋት ከእነሱ መካከል ክሪሳንቶ ተነስቶ ወደ ሮሴንዳ መጣ። እንደ አርሴኒዮ ሁሉ ጠጠር የሚያመላልስ የገልባጭ ሹፌር ነው። የአርሴኒዮ መኪና ዝም ብሎ ከሚቆም ድንጋይ ከሚፈጭበት ካባ ድረስ ወጥቶ ለግቢው ጠጠር ይጭንበት እንደሆነ ጠየቃት።

«ከምሳ በፊት ጭቃ የሚባል አታዩም፣ እትዬ ሮሴንዳ» አላት። ቁልፉን ሰጠችው።

መኪናው ከወጣ በኋላ የካርታ ተጫዋቾቹ ወሬ ወደ እሱው ዞረ። ከመጪው አዲስ ዓመት ጀምሮ የድሮ ሞተር ያለው ገልባጭ የካባውን በር እንደማያልፍ ተነግሯል፤ ቢታደስም ባይታደስም። አንዱ ለተራራ ሰዎች ቢሸጥ ይሻላል አለ፤ ሌላው ለብረት ካልሆነ ማን ይገዛዋል አለ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ነበር።

ያ ሞተር የታደሰው በሮሴንዳ ጉትቻ ነው። እናቷ በጆሮዋ ያደረገችላትን ወርቅ ሸጣ፣ አርሴኒዮ ሞተሩን እዚሁ ግቢ ውስጥ አውርዶ፣ ፒስተኑን አስቀይሮ፣ እንደ ሕፃን አጥቦ መልሶ ገጠመው። የጭስ ምርመራው ደንብ በጠነከረበት ዓመት መጀመሪያ ካለፉት መካከል እሱ ነበር። «አንዲት ክር አላጨሰም» እያለ እየሳቀ ገባ። እሷም «ብቻ እንዳይወስዱብህ፤ የእናቴ ጉትቻ እዚያ ውስጥ ነው» አለችው።

ማምሸት የጀመረው ከዚያ ዓመት ወዲህ ነው። ሌሎቹ ሹፌሮች በዚያው መንገድ፣ ያንኑ ጠጠር ጭነው ለምሳ ይደርሳሉ። እሱ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ጠጉሩ ርሶ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ይመጣል። ስትጠይቀው «መንገድ ነው» ይላታል። ሰውን በሳሙና አጥቦ የሚልክ ምን ዓይነት መንገድ ነው? አንድ ቀን የቀዘቀዘውን ምሳ ከነሰሃኑ ግድግዳ ላይ ወረወረችው። አርሴኒዮ በርከክ ብሎ ስባሪውን ለቀመና «መንገድ ነው፣ ሮሴንዳ» አላት። ከዚያ በኋላ ጠይቃው አታውቅም።

ምሳ ቀረበ፣ ተነሳ፤ ክሪሳንቶ የለም። ተጫዋቾቹ ጠጠሩን አንድ በአንድ እየለቀመ ይሆናል ብለው ሳቁበት። ቆይተው ሳቁም ቀረ፤ ሚስቱ እየደጋገመች ወደ መንገዱ ትመለከት ጀመር።

ገልባጩ እያቃሰተ የደረሰው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ክሪሳንቶ ከጋቢናው ወረደ። ጠጉሩ ርሷል። ሲጠጋት ሮሴንዳ ሽታውን አወቀችውና ሳታስበው ከወንበሯ ተነሳች።

«የት ታጠብክ?»

«አትቆጪኝ፣ እትዬ» አለ ክሪሳንቶ። «ከነጭነቱ ያንን ዳገት እንደ እርጉዝ ጎሽ ነው የሚወጣው። አጋማሹ ላይ ውሃው ፈላ። ምንጩ ጋ ቆሜ እስኪበርድ ብጠብቅ ብጠብቅ እምቢ አለኝ፤ ከወንበሩ ሥር ይህን አገኘሁና ተለቃለቅሁ።» የፕላስቲክ ሳሙና መያዣ ዘረጋላት። «የእሱ ነው።»

ሮሴንዳ ተቀበለችው።

«ምን ነካው ብዬ ሞተሩን ከፍቼ አየሁት» አለ ክሪሳንቶ፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የነዳጅ ፖምፓው ብሎን እስከ መጨረሻው ተጠብቆ ዝጓል። እኛ እኮ ለምርመራው ጠዋት እናጠብቀዋለን፤ ነዳጅ ሲያንሰው አያጨስም። ማታ መልሰን እናላላዋለን፤ ጉልበቱ ይመለሳል። እሱ ለካ አላልቶት አያውቅም።»

«ለምን?»

«መንገድ ላይ ጭስ የሚያሳድዱ ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ መኪና ይወስዳሉ። እኔን ስንቴ ይዘውኛል። እሱን አንድ ቀን አልያዙትም።» መሬት መሬት አየ። «እኛ ደግሞ ዳገት የሚፈራ ሹፌር እያልን ስንስቅበት ኖርን። መኪናዬ ደካማ ነው ብሎ አንድ ቀን አልተነፈሰም።»

ሮሴንዳ አፏን በመዳፏ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ዛሬ ገና አለቀሰች ብለው ከእሷ ጋር ድምፃቸውን አወጡ። ሊጋያ ሮጣ አቀፈቻት፤ ፊቷን ቀና ብታደርገው እህቷ እየሳቀች ነው።

«ዳገት ናት» አለቻት በጆሮዋ። «ሊጋያ፣ ዳገት ናት።»

ሊጋያ የእህቷን ጥርጣሬ ብዙ ዓመት ሰምታዋለችና ማብራሪያ አላስፈለጋትም። አብረው ተንቀጠቀጡ። ሳቁ መቼ ወደ እንባ እንደዞረ ሁለቱም አላወቁም። ሮሴንዳ ደረት ላይ የተጫነው ነገር ግን ወርዶ ነበር፤ ልክ ግቢው ውስጥ እንደሚራገፈው ጠጠር፣ በአንድ ጊዜ።

ጠጠሩ እየተበተነ ሳለ ሊጋያ ክንዷን ነካ አደረገቻት። «አንዲት ሴት ገባች» አለች፣ እየተጠነቀቀች። «አላወቅኋትም። ልጅ ይዛለች።»

ሮሴንዳ ዞራ አላየችም። «ዝናብ መቷቸው ይሆናል። ለሷ ትኩስ ቡና ስጫት፤ ለልጁም ብስኩት።»

ከዚያ ወንበሯን አነሳችና ፊቱን ወደ ሳጥኑ አዞረችው። ሳሙናውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ጎንበስ ስትል እስትንፋሷ የሳጥኑ መስታወት ላይ የጣለውን ጉም በእጅጌዋ ጠረገችለት።