ለነርሷ ያስጌጥነው ወንበር

ያንን ወንበር ምን ላድርገው? ከጠረጴዛው ላርቀው እልና፣ ደግሞ የባሰ ጥፋት ብሠራስ ብዬ እመልሰዋለሁ። ምን እንደሚደረግ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳቸውም ደጄን አልረገጡም። ደውዬ እንዳልጠይቅ በምን ፊቴ?

ማሙሽ የልጄ ልጅ ነው። እናቱ በጨቅላነቱ ጥላው ካለፈች ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ዛሬ አውቶቡስ ሥር ተንጋሎ የሚውል መካኒክ ቢሆንም ለእኔ ያው ማሙሽ ነው። ዝናብ ባካፋ ቁጥር ጃኬት ይዘሃል ወይ ብዬ ስለምደውል ጋራዥ ያሉት ጓደኞቹ ይስቁበታል አሉ።

አምና ከሰው አገር የመጣች ነርስ ወደደ። ልጅቷ ክፉ አይወጣትም። ቋንቋችንን ቀስ እያለች ትናገራለች፤ የደም ግፊቴን ለክታ ከጨረሰች በኋላ እንኳ እጄን ሳትለቅ ታጫውተኛለች። የኔ ጭንቀት ሌላ ነበር፤ ተጋብተው ወደ አገሯ ይዛብኝ ብትሄድስ? እዚህ እንደ ቤቷ ከሆነላት አይሄዱም ብዬ፣ እሷን የማስደስትበትን ስፈልግ ነው ጥፋት ውስጥ የገባሁት።

ታናሿ ልጄ ዲኮር ትሠራለች፤ የሰርግ አዳራሽ ታስጌጣለች። አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣችና የነርሷ አገር በዓል መድረሱን ነገረችኝ። ፎቶው ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ አንዱ ወንበር ነጭ ጨርቅ ለብሶ አበባ ታስሮበታል፣ ሻማ በርቷል። ከሥሩ የተጻፈውን አንዳችንም ማንበብ አንችልም። ልጄ ግን በሙያዋ ፈረደች፤ እንዲህ ያለው የክብር እንግዳ ወንበር ነው፣ ለስንቷ ሙሽራ ሠርቼዋለሁ አለች። እኔም አመንኳት። ነርሷን መጠየቅ ይቻል ነበር እኮ። ድንገት እናስደስታት ብለን ዝም አልን።

ለማሙሽ ስነግረው ፊቱ ልውጥ አለ።

"ይቅርብሽ እማማ። ያን ቀን ብቻዋን መሆን ነው የምትወደው።"

ለምን ብለው የራሷ ነገር ነው ብሎ ዘጋው። እኔ ጠርጣራዋ ደግሞ ከወዲሁ ከእኛ ሊነጥላት ነው አልኩ በሆዴ። በበዓሉ ቀን፣ እሱ ጋራዥ ተረኛ የሆነበትን ከሰዓት መርጬ ጠራኋት።

ልጄ እጇ ላይ ያለውን ሁሉ አፈሰሰችው። ወንበሩን ሳቲን አለበሰችው፣ ሪባኑን እንደ ቢራቢሮ አሰረችው፣ መደገፊያው ላይ ቀይና ቢጫ ፊኛ ሰቀለች። እኔ ኬክ አስመጣሁ። ነርሷ ገብታ ወንበሩን ስታይ ባለችበት ቆመች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘች። እኛ እንኳን አደረሰሽ ብለን አጨበጨብን።

እዚያ ልቀመጥ ብላ ጥግ ወዳለው በርጩማ ሄደች። አፍራ ነው ብለን ሳቅን። ልጄማ ሙሽራ ካልተግደረደረች ምኑን ሙሽራ ሆነች እያለች ከኋላ ገፋ ገፋ አደረገቻት። ልጅቷ አሁንም ራሷን ነቀነቀች። የጨረስኩት እኔ ነኝ። ክንዷን ያዝኩና፣

"አፈር ስሆን፣ በሞቴ ተቀመጪ" አልኳት።

ቃሉን ታውቀዋለች። ክሊኒክ የሚመጡት አሮጊቶች ሁሉ ይሉታል፤ እምቢ እንደማይባልም ለምዳለች። ተቀመጠች፤ ጫፉ ላይ፣ ጀርባዋን ሳታስደግፍ። ኬክ ቆርጬ ሰጠኋት፣ በላች። ፊኛው ጆሮዋን ሲነካት እንኳ አላራቀችውም። ልጄ ፎቶ እያነሳች "የኛ ሙሽራ" ብላ ለማሙሽ ትልካለች። የነርሷ እንባ ሳህኑ ላይ ጠብ ሲል ነው ስልኩን ያወረደችው።

ምን ሆንሽብኝ አልኳት።

"እማማ፣ እዚህ ላይ ሰው አይቀመጥም" አለችኝ ቀስ ብላ። "የአባቴ ነው።"

በአገሯ አንድ ክፉ ዘመን ነበር አለችን፤ ሰውን ከማዕድ ላይ እያስነሱ የሚወስዱበት። የተወሰደው አልተመለሰም፣ አልተቀበረም። አባቷን የወሰዱት ማንኪያውን እንኳ ሳያስቀምጥ ነው። እሷ ትንሽ ልጅ ሆና አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ዓመቱን ጠብቆ በየቤቱ አንድ ወንበር ይለብሳል፤ ማንም አይቀመጥበትም፣ ያን ቀን ማንም አይስቅም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ ፊኛዎቹን ለመንቀል ስትጣደፍ አንዱ ጧ ብሎ ፈነዳ። ልጅቷ ደንግጣ ብድግ አለች። ፎቶው ደርሶት ኖሮ በዚህ መሃል ማሙሽ ገባ፣ እጁን ግሪስ እንደነካው።

ነርሷ ወደ እኔ መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ። አላወቁም እኮ፣ አይዘኑ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ውጭ እጠብቅሃለሁ ብላው ወጣች።

ማሙሽ አልጮኸም። የቀሩትን ፊኛዎች ፈታ። ሪባኑን ፈታ። የኬኩን ፍርፋሪ ከወንበሩ ላይ በመዳፉ ጠረገና ነጩን ጨርቅ አስተካክሎ ወደ ጠረጴዛው አስጠጋው። ነግሬሽ ነበር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢለኝ አልቅሼ ይቅርታ እለው ነበር።

ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ ጃኬቱን ከመስቀያው አወረድኩና ያካፋል፣ ልበስ ብዬ ዘረጋሁለት። ጃኬቱን አየው፣ እኔን አየኝ። ሳይወስደው በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።