የተዘቀዘቀ ነጠላ

«ያዟት! ሴት አትሄድም፤ ያዟት እንጂ!»

እታገኘሁ ከግቢው በር አልፋ ወጥታ ነበር። ወንዶቹ የሃጂራን ቃሬዛ ተሸክመው በጭቃው መንገድ ቁልቁል ሲወርዱ እግሯ ራሱ ተከተለ። የሞተን ሰው እስከ መቃብሩ መሸኘትን የለመደ እግር ነው። በሙስሊም ጎረቤቶቿ ዘንድ ሴት ወደ ቀብር እንደማትወጣ ጠፍቷት አይደለም። አዲስ ዓለም ሰፈር ከሃጂራ ጋር አጥር ተጋርታ ስታረጅ ስንቱን ጀናዛ ከበር ላይ ሸኝታለች። የዛሬው ግን የሃጂራ ነው። ሰው ደግሞ ሲደነግጥ የሚይዘው የራሱን ወግ ነው።

ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው መለሷት። ያን ጊዜ ደረቷን መትታ ጮኸች።

«እኅቴ! ሃጂራዬ! ለማን ጥለሽኝ!»

ከቃሬዛው ኋላ ይሄድ የነበረው የሟች ወንድም ኡዘይር ዞሮ ተመለሰ።

«እታገኘሁ፣ አላህ ያክብርሽ፣ ጩኸቱን ተይልን» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ቁጣ አልነበረበትም፤ ስላልነበረበትም ይበልጥ አፈረች። እንደ ሐዘንተኛ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ከሴቶቹ ኋላ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች።

«ይች ማናት?» አለች ከጠዳ የመጣች አንዲት ዘመድ በሹክሹክታ።

«ጎረቤት ናት፤ ክርስቲያኗ።»

«ምነው ከሁላችን እሷ ባሰች?»

«ብትብስ ምን ይገርማል?» አለች የሃጂራ ታናሽ እኅት ጦይባ። «እኛ ለዒድ ነው የምንመጣ። እሷ በየጠዋቱ ነበረች።»

እታገኘሁ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ዓይኗ የሃጂራ አንድያ ልጅ ፈህሚያ ላይ ነበር። ፈህሚያ ነርስ ናት። ጠዋት እናቷን አጥባ የከፈነቻት እሷ ናት። አሁን ፍራሹ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። የመጣው ሁሉ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይላታል፤ «አሚን» ትላለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ሴቶቹ «ጎበዝ፣ ጠንካራ ልጅ» እያሉ ያመሰግኗታል። እታገኘሁ ግን ጣቶቿን አየች፤ በአንድ እጇ ጥፍር የሌላውን እጇን ቆዳ እየላጠች ነበር።

ሃጂራ የሸማኔ ልጅ ነበረች፤ ቅዳሜ ገበያ ነጠላ ትሸጥ ነበር። «ጥምቀትን ከቄሶቻችሁ ይልቅ የምናፍቀው እኔ ነኝ» ትል ነበር እየሳቀች። ሀብት አልነበራትም፤ ባሏም በጎልማሳነቱ ነው የሞተባት። ያም ሆኖ ደስታ ከቤቷ አይጠፋም።

«አንች ግን ይኸን ደስታ ከየት ነው የምታመጭው?» ብላ ጠይቃት ነበር እታገኘሁ አንድ ቀን።

«እሰርቃለሁ።»

«ከማን?»

«ካንችው ነዋ! እኛ ለሠርግ እንስቃለን፣ ለዒድ እንስቃለን። እናንተ ግን በየወሩ በማርያም ስም ትሰበሰቡና ያለ ምንም ጉዳይ ስትስቁ ትውላላችሁ። ይኸስ ሸጋ ነገር ነው አልሁና ወሰድሁት።»

እውነቷን ነበር። የእታገኘሁ ተራ ሆኖ ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ ሃጂራ በአጥሩ ሽንቁር ሾልካ ትመጣና በር አጠገብ ትቀመጣለች። ጠላውንም ወጡንም ሳትነካ ቆሎ እየቆረጠመች ከሁሉም በላይ የምትስቀው እሷ ናት። «ቆሎ ሃይማኖት የለውም» ትላለች።

በቀብሩ ማግስት እታገኘሁ የፍልሰታን ቅዳሴ አስቀደሰች። ሲያበቃ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ቆማ የሞቱባትን ሰዎች አንድ በአንድ አሰበች። ከልጇ ከሙሉቀን ስም ቀጥላ የሃጂራን ስም ጠራች። ማንንም አላስፈቀደችም። እግዜር ሁለቱን ጎረቤታሞች አጥር ያጋራው ራሱ አይደለም?

ሙሉቀን የአዘዞ መንገድ ላይ ባጃጅ ተገልብጦበት ነው የሞተው። ያን ጊዜ እታገኘሁ ፀጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች፣ መሬት ላይ ተኛች። ተዝካሩ ወጣ፤ ሙት ዓመቱም አለፈ፤ እሷ አልተነሣችም። ዘመድ ይመጣል፣ አብሯት ያለቅሳል፣ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ሃጂራ መጣችና ከጎኗ መሬቱ ላይ ጋደም አለች።

«ምን ልትሆኝ ነው?» አለቻት እታገኘሁ።

«ልየው ብዬ። ይኸ መሬት ምን ቢመች ነው የማትነሽው?»

እታገኘሁ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያውም ደነገጠች።

ሃጂራ እጇን ያዘቻት። «የኔ እኅት፣ እናንተ ማልቀስ ታውቁበታላችሁ። እኔ ባሌ ሲሞት ‹ሰብር አድርጊ› ሲሉኝ መታገሥ ማለት አለማልቀስ መስሎኝ እንባዬን ዋጥሁት፤ እስከ ዛሬ እዚህ ተቀምጧል» አለችና ጉሮሮዋን ነካች። «እኛ ደግሞ መነሣት እናውቅበታለን። ለእናትም ይሁን ለልጅ ሦስት ቀን አዝናችሁ ተነሡ ነው የምንባል። ሐዘኑ አልቆ አይደለም፤ ያለውም ሰው የአላህ አደራ ስለሆነ ነው። እንለዋወጥ። አንች አስለቅሽኝ፣ እኔ ላስነሣሽ።»

እታገኘሁ ለሃጂራ ባል በለሆሳስ ሙሾ አወረደች። ሁለቱም አለቀሱ። ሲበቃቸው ሃጂራ ተነሥታ የእታገኘሁን የተዘቀዘቀ ነጠላ ከላይዋ አነሣችና ጥለቱን ወደ ታች መልሳ አለበሰቻት።

«አባቴ ይኸን ጥለት የጣለው ተዘቅዝቆ እንዲቀር አይደለም» አለች።

ሃጂራ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ ዱዓ ተደርጎ እንግዳው ተበተነ። ሰሌኑ ተጠቀለለ። ኡዘይር እታገኘሁን በረንዳው ላይ አገኛት።

«ተቀየምሽኝ እንዴ?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ፣ አያ ኡዘይር።»

«እንባን አልከለከልንም። ነቢያችንም ለልጃቸው አንብተዋል። ጩኸቱን ነው እንጂ።»

«ገብቶኛል። እሷም ነግራኝ ነበር፤ አንጀቴ ነው ያልሰማኝ።»

ቤቷ ገብታ ገና ሳትቀመጥ የአጥሩ ሽንቁር ተንኮሻኮሸ። ወደ በሩ ፈጠነች። ያ ኮሽታ የአንድ ሰው ብቻ ነበርና። ፈህሚያ ናት፤ ሻሿ በዝናብ ርሷል።

«እማ እታገኝ፣ ልቀመጥ?»

«ግቢ፣ ልጄ።»

ፈህሚያ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። «እኔ በሽተኛ ሲሞትብኝ እንኳ መጸዳጃ ቤት ገብቼ የማለቅስ ሰው ነኝ። እሜን አጠብኋት። ፀጉሯን ጎነጎንሁላት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይኸው ሦስት ቀን፣ አንድ ጠብታ የለም። ሁሉም ጎበዝ ይለኛል።» የእጇን ቆዳ መላጥ ጀመረች። «እናቴን አልወድዳትም ነበር ማለት ነው?»

«በስመ አብ! ምን ትያለሽ?»

«አንድ ቀን እዚህ ቤት አልቅሳ እንደቀለላት ነግራኝ ነበር። እኔንም...»

እታገኘሁ ፈራች። አንድ ጊዜ ዝም በይ ተብላለች። ይችን ልጅ ወገኖቿ ከማይወዱት ነገር ብታስገባትስ? ግን የተላጠውን ጣቷን አየች። ከመሬቱ ላይ ቁጭ አለችና ልጅቱን ስባ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ደረቷን አልመታችም። ሕፃን እንደምታስተኛ ሴት ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች፣ ለሁለት ጆሮ ብቻ በሚበቃ ድምፅ ጀመረች።

«የሸማኔው ልጅ፣ የጥለት አዋቂ፣
ጠላ ሳትቀምሽ፣ ከሁሉ በላይ ሳቂ፣
ሽንቁሩ ክፍት ነው፣ ነይ ዛሬም ጠይቂ።»

ፈህሚያ መጀመሪያ የሳቀች መሰለች። «ቆሎዋን እኮ በኪሷ ይዛ ነበር የምትመጣው... ልብሷን ሳጥፍ ዛሬም አገኘሁ...» አለች። ከዚያ ፊቷን እታገኘሁ ጉልበት ላይ ደፋች። ጩኸት አልነበረም። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። እታገኘሁም እንባዋ በጉንጯ እየወረደ የልጅቱን ጀርባ ስትዳብስ ቆየች።

ዝናቡ ሲያባራ ፈህሚያ ቀና ብላ ፊቷን በሻሿ ጠረገች። ከንፈሯ አብጧል። የእታገኘሁን ነጠላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እሜ ነበረች የምታስነሣሽ» አለች። «አሁን አንችን ማን ያስነሣሻል?»

ፈህሚያ ተነሥታ ቆመች። እጇን ዘርግታ እታገኘሁንም አስነሣቻት። እናቷን ባጠበችባቸው እጆች የነጠላውን አንድ ጫፍ ያዘችና ጥለቱን ወደ ታች መለሰችው። ወደ ሌላው ጫፍ ስትዘረጋ እታገኘሁ እጇን ያዝ አደረገቻት።

«ይኸኛው ለነገ ይቆይ» አለች።

«እሽ» አለች ፈህሚያ። የተዘቀዘቀውን ጫፍ እንዳይወድቅ አድርጋ ከእታገኘሁ ትከሻ ላይ አስተካከለችላት።