ከቫዮሊኑ በፊት ያለው ዝምታ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እኛ ቤት ገና የሚገባው በሙቀቱ ወር ነበር። አባታችን የዘፈን ደራሲ ነበር። የገና ዘፈን ለበዓሉ እንዲደርስ ወራት ቀድሞ መቀረጽ ስላለበት፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲራኮት እሱ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ባለቀለም አምፖሎቹን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ እኔንና ወንድሜን የሱፍ ሹራብ አልብሶ ፒያኖው አጠገብ ይገትረናል። «ስሜቱ እንዲመጣ ነው» ይላል። ስሜቱ መጣም አልመጣ ላባችን አይቀርም። እውነተኛው ገና ሲደርስ ደግሞ አምፖሎቹ ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ እሱም ሌላ ከተማ፣ ሌላ መድረክ ላይ ሆኖ የሌላ ሰው ልጆች ያስጨበጭባል።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? አባቴ ከሞተ ወዲህ አንገቱ ደመና ነክቷል። ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ እሱን ነው የሚያነሳው። «ታክሲው ጥሎኝ ሄደ» ይከፈታል፤ ያ እንኳ ሽማግሌውን ሁሉ ከወንበር የሚያስነሳ ነው፣ እኔም ስሰማው እግሬ ሳያስፈቅደኝ ይነቃነቃል። «ቀይ ጃንጥላ» ይቀጥላል፤ ስንቱ ጎረምሳ ፍቅሩን የገለጸው በእሱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን «የደረጃው ኮቴ» አለ። ያለ እሱ ገና ገና አይመስልም፣ ሱቅም አይከፈትም። ሲጀምር በር ይንኳኳል፤ በሩ ይከፈታል፤ አንድ ሕፃን «አባዬ፣ መጣህ?» ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ከዝምታው በኋላ ቫዮሊኖቹ ይገባሉ።

ያቺን ዝምታ አገሩ ሁሉ ያውቃታል። ሱቅ ውስጥ ዋጋ የሚከራከር ሰው እንኳ እዚያች ላይ ሲደርስ አፉን ይይዛል። አንድ ጋዜጠኛ «ደስታ ቃል ያጣበት ቅጽበት» ብሎ ጽፎላታል። እማዬ ያንን ጽሑፍ ቆርጣ በመስታወት ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቅላዋለች።

ሕፃኑ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዛሬ ጆሮ ግንዱ ሸብቷል፤ ሊፍት ጠጋኝ ነው። እኛ እስካሁን ማሙሽ እንለዋለን፤ ሰፈሩ «መጣህ» ይለዋል። የትም ይሂድ፣ የሚያውቀው ሰው «አባዬ፣ መጣህ?» ብሎ በራሱ ቀልድ ይስቃል። ማሙሽ አብሮ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። አባታችን ታሞ ሲተኛ ክፍሉ ድረስ አልገባም፤ ቀብሩ ላይም ከሰው ርቆ፣ ከአጥሩ ጋ ነው የቆመው። ምክንያቱን ተጠይቆ መልሶ አያውቅም።

ታዲያ ገና ሲቃረብ የሬዲዮው አዘጋጅ እማዬ ቤት መጣ። ለአባቴ መታሰቢያ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ዝግጅት አሰናድተዋል።

«እማማ፣ ልጅዎ መድረክ ላይ ወጥቶ ያቺን ቃል ብቻ ይበልልን። የእንጨት በር አሠርተናል። እሱ ይከፍታል፣ ቃሏን ይላል፣ ዝም ይላል፣ ኦርኬስትራው ይገባል። ሕዝቡ እንባውን አይችልም።»

ሰውየው እንደወጣ እማዬ እጄን ያዘች።

«አንቺ ካልሽው እሺ ይላል» አለችኝ። «አባቱን ይቅር ሲለው ሳላይ እንዳልሞት። ሌላ የምለምንሽ ነገር የለኝም።»

ወንድሜን ያገኘሁት አንድ ረጅም ሕንፃ ጣሪያ ሥር፣ የሊፍቱ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። ጥግ ላይ ትንንሽ የድምፅ ማጉያዎች ተከምረዋል። በየዓመቱ ገና ሲቀርብ የሚጠግናቸውን ሊፍቶች የሙዚቃ ማጉያ እየፈታ ያወርዳል፤ ለሚጠይቀው «ተቃጥሎ ነው» ይላል።

«እማዬ ናት የላከችሽ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«እሷ ናት። አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ማሙሽ። ለእሷ ስትል።»

ካቻቢቴውን አስቀመጠና እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

«እታለም፣ ያን ቀን አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ፣ እማዬም ሥራ። አባዬ ስንት ጊዜ ጠፍቶ ከርሞ መጣ። ኮቴውን ደረጃው ላይ ስሰማ ሮጥኩ። ከፈትኩ። 'አባዬ፣ መጣህ?' አልኩት። የድምፅ መቅረጫ ቴፑን ትከሻው ላይ አንግቶ ነው የገባው። 'ጎሽ፣ ግን ማይኩ ተንኮሻኮሸ፤ እንደገና' አለኝ። በሩን ዘግቶ ወረደ። ተመልሶ ወጣ። አንኳኳ። እንደገና። እንደገና።»

«ሕፃን ልጅ ላይ?»

«አልተቆጣኝም እኮ። 'እንደ መጀመሪያው በልልኝ፣ የኔ ልጅ' እያለ ይለምነኛል። እንደ መጀመሪያው እንዴት ይባላል? ቃሏ አፌ ላይ ሞተች። በመጨረሻ 'በቃ፣ ጨርሰናል' አለ። ሳመኝ፣ ሻንጣውን ያዘ፣ ሄደ። አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም፤ ለቀረጻው ያለበሰኝን ሹራብ እንኳ አላወለቀልኝም። ቴፑ ጫማ መደርደሪያው ላይ ቀርቷል፤ ቀይ መብራቱ በርቷል። እኔ የረሳው መስሎኝ ደስ አለኝ። ሊወስደው ይመለሳል ብዬ በሩ ሥር ቁጭ አልኩ።»

ከታች ሊፍቱ ውስጥ የተያዘ ሰው በር ይደበድብ ነበር። ማሙሽ አልቸኮለም።

«ኮቴ ሰማሁ። ተንኳኳ። ያለኝን ደስታ ሁሉ ይዤ ከፈትኩ። 'አባዬ፣ መጣህ?' የአባዬ ድምፅ ቀራጭ ነው የቆመው። ዝምታዋ እሷ ናት፣ እታለም። ሰውየውን እያየሁት ነው። 'ጎበዝ፣ አሁን ተዋጣልህ፤ አባትህም ቴፑን ከፍቶ ሲተውልኝ እንደዚህ ይላል ብሎኝ ነበር' አለኝና ቴፑን ይዞ ወረደ።»

ከማጉያዎቹ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሱቅ ውስጥ እዚያች ዝምታ ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፍኜ በአባቴ ስንት ጊዜ ኮርቻለሁ! ጠላሁት። በሞተ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ቁጣ ይመጣብኛል ብዬ አላስብም ነበር።

«ከዝምታው በኋላ ምን አልክ?»

«የተናገርኩት ላይ ቫዮሊን ጭነውበታል።»

«ተወው፣ አትምጣ። ለእማዬ እኔ እነግራታለሁ።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለ። «ከእኔ ትስማው። እመጣለሁ።»

በዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። በር ላይ ለእንግዳው ሁሉ የአባቴ ፎቶ ያለበት ባጅ ይታደላል፤ እማዬ ደረቷ ላይ አድርጋ ከእኔ ጋር ፊት ወንበር ተቀምጣለች። መድረኩ መሀል የእንጨቱ በር ቆሟል። ተንኳኳ። ማሙሽ በሥራ ጫማው ወጥቶ በሩን ከፈተ።

«አባዬ፣ መጣህ?»

አላስመሰለም። ቃሉን እንዳለ አመጣው። አዳራሹ እንደለመደው ትንፋሹን ዋጠ። የኦርኬስትራው መሪ ዘንጉን አነሳ። ዘንጉ ሳይወርድ ወንድሜ፣ ባዶውን በር እያየ፣ በዚያው ድምፅ ቀጠለ።

«አንተ አይደለህም። አባዬስ?»

ዘንጉ እንደተነሳ ቀረ። የእማዬ ጥፍር መዳፌ ውስጥ ገባ።

«በሩ ላይ ማን ነበር?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ድምፅ ቀራጩ ነው፣ እማዬ። አባዬ ሄዶ ነበር።»

ባጇን ፈታች። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቦርሳውን ዘጋችው። ያኔ አዳራሹ በጭብጨባ ተነሳ። የሚያለቅስ አለ፣ የሚያፏጭ አለ፤ አዘጋጁ ከመጋረጃው ጀርባ ሮጦ ወጥቶ ማሙሽን አቀፈው። «ማን ጻፈልህ? እንዴት ያለ ጭማሪ ነው!» ሲለው እኛ ድረስ ይሰማል። ቫዮሊኖቹ ገቡ።

እማዬ ስለ ይቅርታ ዳግመኛ አላነሳችም። ያንን የጋዜጣ ቁራጭ ግን ከግድግዳው አወረደችው፤ ቦታው እስካሁን ነጭ ሆኖ ይታያል።

ዝግጅቱን ቀርጸውት ኖሮ፣ በሚቀጥለው ገና አዲሱ ቅጂ ወጣ። አሁን ልጆች ሁለቱንም ቃል በየመንገዱ ይሉታል። ለማሙሽ ዕቃ ላቀብል አብሬው የገባሁበት አንድ ሊፍት ውስጥም ተከፍቷል። «አባዬስ?» ይላል የወንድሜ ድምፅ፣ ከዚያ ቫዮሊን። ማሙሽ ካቻቢቴውን አውጥቶ የማጉያውን ክዳን መፍታት ጀመረ። ዘንቢል የያዘች አንዲት ሴትዮ ክንዱን ነካችው።

«ኧረ ወንድሜ፣ ይቺን ሳትጨርስ አታጥፋት። ደስ የምትለው እሷ ናት።»

ወንድሜ ካቻቢቴውን እንደያዘ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመላት።