ቁጥር አርባ አንድ

በሕግ መጽሔቱ ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ ሴትዮዋን «እትዬ ግርጌ» ይላታል። ሥራዋ ከገጽ ግርጌ ነዋ። ምሁራኑ የከፍተኛውን ፍርድ ቤት ፍርዶች እየጠቀሱ ይጽፋሉ፤ ይተነትናሉ፤ ሲሻቸው ዳኛውን ይሸነቁጣሉ። እሷ ደግሞ የግርጌ ማስታወሻቸውን አንድ በአንድ ይዛ መዝገብ ቤት ትወርድና «እውነት ፍርዱ እንዲህ ብሏል ወይ?» ብላ ከዋናው ጋር ታስተያያለች። ልክ የሆነውን በሰማያዊ እርሳስ፣ የተሳሳተውን በቀይ ታሰምርበታለች። ሲያልቅ ትፈርማለች። እሷ ያልፈረመችበት ጽሑፍ ማተሚያ ቤት አይገባም፤ የቤቱ ደንብ ነው።

ደንቡን ሁሉም ያውቃል። ያቺን ወንበር ለምን እንደፈለገቻት ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ልብስ ሰፊው ታላቅ ወንድሟ ሃያ ሁለት ዓመት ከሠራበት ሱቅ በፍርድ ወጣ። ባለቤቱ በቃል ነበር ያከራየው፤ ሰውየው ሲሞት ልጆቹ «የጽሑፍ ውል አምጣ» አሉ። ጎረቤት መሰከረ፤ ደንበኛ መሰከረ፤ አልሆነም። ዳኛው የአንድ ፕሮፌሰር ጽሑፍ ጠቀሱ፦ «ስመ ጥሩው ምሁር እንዳብራሩት፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የጽሑፍ ውል የሌለውን ተከራይ ያለ አግባብ እንደያዘ ይቆጥረዋል።» ሰፈሩ ይህችን ቃል ወደ ራሱ ቋንቋ ለመመለስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ሌባ አለው። ወንድምየው የስፌት መኪናውን ተሸክሞ እሷ ቤት ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ሲሰፋም ሲቆርጥም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው።

እሷ ያኔ ከጽሕፈት ሥራ በቀር የምታውቀው አልነበረም። የፍርዱን ግልባጭ እንደ ዳዊት እየደገመች ሕግን በራሷ ተማረች። ፕሮፌሰሩ ከገጽ ሰባቱ የጠቀሱትን የድሮ ፍርድ ልታይ ስትሄድ ግን መዝገብ ቤቱ በሩን ዘጋባት፤ ፋይል የሚወጣው ሊታተም ባለ ጽሑፍ ውስጥ ሲጠቀስ፣ ያውም ለአጣሪ ብቻ ነበር። እንግዲያው አጣሪ ልሁን አለች። ሆነችም። ከዚያ ፕሮፌሰሩ ያንን ፍርድ ዳግመኛ እስኪጠቅሱት ተቀምጣ ጠበቀች።

ጸሎት አታስታጉልም። ማለዳ ማለዳ ትቆማለች፤ «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ድምጿ ይሰወራል። ወንድሟ ከአልጋው ሆኖ ይሰማታል።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላታል። «ለእግዜር ስጪው፣ እቴ።»

«ሰጥቼዋለሁ ጋሼ። እሱ ሥራ ስለሚበዛበት ፋይሉን እያደራጀሁለት ነው።»

ዘንድሮ ፕሮፌሰሩ ጡረታ ሊወጡ ሆነ። መጽሔቱ ልዩ እትም አሰናዳላቸው፤ ስለ ቅርብ ጊዜ ፍርዶችና ስለ ፍትሐ ብሔር ፍትሕ የጻፉት ረጅም ጽሑፍ መክፈቻ እንዲሆን ተወሰነ። ጽሑፉ ጠረጴዛዋ ላይ ሲያርፍ አልቸኮለችም። ከቁጥር አንድ ጀመረች። አርባ ድረስ ሰማያዊ ነው፤ ሰውየው ጠንቃቃ ናቸው። አርባ አንድ ላይ ያው የድሮ ፍርድ፣ ያው ገጽ ሰባት፣ ያው ቃል ተቀምጧል።

እርሳሷን አስቀምጣ መዝገብ ቤት ወረደች።

ፋይሉ አቧራ ለብሷል። ገጽ ሰባት እውነትም እንደተጠቀሰው ይላል። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች። በገጽ ስድስት መጨረሻ፣ ከሁሉም በታች፣ ብቻዋን የቀረች አንዲት ርዕስ አለች፦ «የልዩነት ሐሳብ»። ገጽ ሰባት ከዳር እስከ ዳር በድምፅ የተሸነፉት የአንድ ዳኛ ሐሳብ ነበር። ድምፅ ያሸነፉት የአራቱ ዳኞች ፍርድ ገጽ አምስት ላይ ነው፦ ባለቤቱ ፈቅዶ ማኖሩ በምስክር ከተረጋገጠ ውል እንዳለ ይቆጠራል። ፕሮፌሰሩ የገጽ ሰባትን ፎቶ ኮፒ ብቻ ይዘው ነው የጻፉት፤ ርዕሷ ከማዶ ቀርታለች።

እትዬ ግርጌ እዚያው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ እንባው አልመጣም። ይልቅ ቀይ እርሳሷን ቀረጸች።

«ቁጥሯን እናውጣትና ይለቅ» አለ ዋና አዘጋጁ ስትነግረው። «ነገ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት።»

«ይግባ። እኔ አልፈርምም እንጂ።»

«እትዬ ግርጌ፣ የጥሪ ወረቀቱ እኮ ተበትኗል።»

«ደግ፤ አንባቢ አይጠፋም ማለት ነው።»

ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ደረጃው አድክሟቸዋል። የፋይሉን ቅጂ ፊታቸው ዘረጋችላቸው። ገጽ ስድስትን ብዙ ጊዜ ወስደው አዩት።

«ይህን ገጽ አላየሁትም» አሉ።

«ወንድሜ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ ሲያይ ኖረ።»

«የትኛው ወንድምዎ?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ከቦርሳዋ የወንድሟን ፍርድ አወጣች፤ ከመታጠፍ ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሷል። አነበቡት። የራሳቸውን ስም ሲያገኙት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ይጻፉት።»

ከአርባ አንድ ሥር በደቃቅ ፊደል ጻፉ፦ «ቀደም ሲል የቀረበው ትንታኔ በመጠኑ ሊቃና ይገባል።» በቀይ ሰረዘችው። ደግመው «ባልተሟላ ግልባጭ ምክንያት» ብለው ጀመሩ። ይኸንንም ሰረዘችው።

«አሁንስ ምን ጎደለው?»

«ቦታው። እስከ ግርጌ የሚወርድ ሰው የለም፤ እርስዎም አልወረዱም። ላይ ይውጣ፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ።»

«የጡረታዬ ጽሑፍ ነው፣ እመቤቴ። ተማሪዎቼ ያነቡታል።»

«የወንድሜንም ፍርድ ሰፈሩ አንብቦታል።»

እትዬ ግርጌ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። መጠበቅ ታውቅበታለች። ፕሮፌሰሩ ተነሡ፤ እስከ በሩ ሄዱ፤ ተመለሱ። በመጨረሻ ቀና ሳይሉ ጻፉ፦ «የተሸነፈውን ሐሳብ ፍርድ አድርጌ አቀረብሁ። በዚህ ስህተቴ አንድ ልብስ ሰፊ በሕግ ከያዘው ሱቅ ወጣ። ያለ አግባብ የያዘ አልነበረም።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሰማያዊ አሰመረችና ፈረመች። አንጀቷ ራሰ፤ አልደበቀችውም።

«ይቅር ይሉኛል?» አሏት ሊወጡ ሲሉ።

«ያ የወንድሜ ክፍል ነው። እኔ ማጣራት ብቻ ነው ሥራዬ።»

እትሙ የወጣ ዕለት ለወንድሟ አነበበችለት። መኪናውን አቆመ። «ድገሚልኝ» አለ። ደገመችለት። ተነሥቶ መኪናውን ከነጠረጴዛው እየጎተተ ወደ መስኮቱ፣ ወደ መንገዱ አዞረው። በመስኮቱ ብርሃን ክሩን መርፌው ውስጥ አስገባ።

«ሽማግሌውን በእርጅናው አዋረድሽው» አለ ቆይቶ። «እኔ ምሬዋለሁ።»

«አንተ ማር፤ ያንተ ፋንታ ነው።»

ይህን እያለች ከዘንቢሏ ሰባት ወፋፍራም መጻሕፍት አወጣች፤ ሁሉም የፕሮፌሰሩ ናቸው።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?»

«በድጋሚ ሊታተሙ ነው። አጣሪ ሲጠፋ እኔ ልያዛቸው አልኩ። የስንት ሰው ሱቅ እንዳለበት ማን ያውቃል?»

ወንድሟ ራሱን ነቅንቆ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። እሷም የመጀመሪያውን መጽሐፍ ቁጥር አንድ ላይ ከፍታ ቀይ እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች።