ጠበል የነካው ሰሌዳ

እናቴን ክፉ መናገር አልወድም። ዛሬ ግን አናገረችኝ።

የምሠራው ዴንቨር ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ሙዚየም ነው። ማክሰኞ ኤግዚቢሽን እንከፍታለን፤ የዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በጨለማ ክፍል ጠረጴዛ ከበው ሙታን እናነጋግራለን ይሉ ስለነበሩ ሰዎች። ሐሳቡ የእኔ ነው። በር ላይ ቲኬት ስቆርጥ ኖሬ ያገኘሁት የመጀመሪያ ዕድል ነው፤ ከተበላሸ ተመልሼ ወደ በሩ ነኝ።

ዋናው ዕቃችን ደብተር የሚያህል አንድ የተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። ሙታን ሳቢው ሁለት ሰሌዳ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ መሃሉ የጠመኔ ስባሪ ይከታል፣ በገመድ ያስርና ሐዘንተኛዋን «እጅሽን ጫኚበት» ይላታል። ሲፈታ ሟች ጻፈው የሚባል ጽሑፍ ይገኝበታል። ጽሑፉ ግን ቀድሞ ተጽፎ በስስ ክዳን የተሸፈነ ነው፤ ሌብነቱ ይኸው ነው። የእኛው ሰሌዳ በሕፃን እጅ ጽሑፍ «እማዬ፣ አታልቅሺ። እዚሁ ነኝ» ይላል። ይል ነበር።

ባለቤቱ ሴንቴኒያል ከተማ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ የተጻፈው ለቅድመ አያታቸው ነው። ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቼ አዋሱኝ። ሙዚየሙ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ «እስከ ሰኞ ቤትሽ ይቆይ» ተባልኩና ዓርብ ዕለት ኦሮራ፣ ቤታችን ይዤው ገባሁ። እማዬ ምንድን ነው አለች፤ ነገርኳት። ምን ይላል አለች፤ ተርጉሜ አነበብኩላት። ድገሚው አለች፤ ደገምኩላት። አማትባ ወደ ክፍሏ ገባች። በዚህ ያለቀ መሰለኝ።

ዛሬ እሑድ ከሰዓት ከገበያ ስመለስ ሰሌዳው ሳሎን መስኮቱ ሥር ፎጣ ላይ ተጋድሟል። አጠገቡ ጠበል የነበረበት ሃይላንድ ባዶውን ቆሟል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጠመኔ ግን ይለቃል። አንዲት ፊደል አልተረፈችም።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«ጠበል ረጨሁበት።»

«ይሄ መርጨት ነው? አጥበሽዋል እኮ። የሰው ዕቃ ነው፣ ፈርሜ ነው የወሰድኩት። ማክሰኞ ኦፕን እናደርጋለን።»

«ውሸት ነው አላልሽኝም? ውሸት ቢጠፋ ምን ይጎዳሻል?»

«ውሸት ስለሆነ እኮ ነው የምናሳየው። ኤቪደንሱ ጽሑፉ ነበር፤ አሁን ምን ላሳይ? ሰይጣን አለበት ብለሽ ከፈራሽ ለምን ከቤት አውጪልኝ አላልሽም?»

«የምን ሰይጣን» አለች ቀስ ብላ።

አልሰማኋትም። ስልኬን አውጥቼ የሴትዮዋን ቁጥር መፈለግ ጀመርኩ። ምን ይባላል? እናቴ የቅድመ አያትዎን ልጅ አጠበችው ይባላል? ደወልኩ።

እማዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ትናንት አንቺ ለሁለተኛው ሥራሽ ስትወጪ አወጣሁት» አለች። «እንግሊዝኛውን ባላነበውም የሚለውን አውቃለሁ። እጄን ጫንኩበት። ‹እንዳልክ› አልኩት።»

እንዳልክ ወንድሜ ነው። ኮሜርስ ሲቲ ከሚሠራበት መጋዘን ሲመለስ በመኪና አደጋ ከሞተ አራተኛ ዓመቱ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም።

«ስናወራ ዋልን» አለች። «ምሳም አልበላሁ። ዛሬ ቅዳሴው ላይ መቆም አቃተኝ፤ ቶሎ ልሂድለት፣ ቤት ብቻውን ነው እያልኩ። ብቻውን ነው እኮ ነው የምልሽ፣ ለሰሌዳ። ያኔ ፈራሁ። ጠበሉን ይዤ መጣሁና አጠብኩት። ሁለተኛ ቀበርኩት፣ ልጄን።»

ስልኩ ተነሳ። ሴትዮዋ «ሄሎ?» ይላሉ። እማዬ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ንዴቴ እንዳለ ነው፤ የማራግፍበት ሰው ግን አጣሁ።