ጥቁሩን ማስለቀቅ

እትዬ ሙሉጌጥ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው በር ድረስ የመጡት ሰኞ በምሳ ሰዓት ነው። ዘበኛው ወደ ላቦራቶሪው ደውሎ አንዲት ሴትዮ ማቴዎስን ይፈልጋሉ አለ። ማቴዎስ ስማቸውን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ፣ ተመልሶም ተቀመጠ። አሥር ዓመት ሙሉ አዋሳ ፒያሳ ባለው የክርና የአዝራር ሱቃቸው ደጃፍ ላለማለፍ መንገድ ዞሮ ሲሄድ የኖረ ሰው ነው። አሁን ሴትዮዋ ራሳቸው ደጁ ድረስ መጡበት።

ከበሩ ውጭ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው አገኛቸው። አገላብጠው ሳሙት፣ ከስተሃል አሉት፣ እስካሁን ሚስት አላገባህም ወይ ብለው ተቆጡት። የልጃቸው የባህሩ ጓደኛ ስለነበር ሁልጊዜም እንደ ልጃቸው ይቆጡት ነበር። ከዚያ በብብታቸው የያዙትን ጋዜጣ ፈቱ። ውስጡ ጥቁር ቀሚስ ነው። ባህሩ በመጀመሪያ ደሞዙ የገዛልኝ ነው፣ ታስታውሰዋለህ አሉት።

እንዴት አያስታውሰው። ያኔ ነጭ ፖፕሊን ነበር፣ ትንንሽ ሰማያዊ አበባዎች ያሉበት። ሁለቱ አብረው ሄደው ነው የገዙት። ባህሩ አበባ የሌለበትን ሊወስድ ሲል፣ ይሄኛው ይሻላል፣ እናትህ አበባ ይወዳሉ ያለው ማቴዎስ ነው።

በሰባ ዓመተ ምህረት ባህሩ ከቤቱ ተወሰደ፤ ከዚያ በኋላ ሬሳም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ። በዚያን ጊዜ የአብዮት ጠላት ለተባለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። የእናት ልብ ግን ነገራቸውና ከገበያ በማንኪያ የሚሸጥ ጥቁር ቀለም ገዙ። ነጋዴው ከቀለሙ ጋር የሚከረፋ ቢጫ ጨው ጨምሮ ሰጣቸው። ጓሯቸው ውስጥ ቀሚሱን ሲቀቅሉት ሰፈሩ በሙሉ የተበላሸ እንቁላል ሸተተ። የቀበሌው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲመጣ፣ ዶሮዬ የታቀፈችው ሁሉ ገምቶብኝ ነው ብለው መለሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥቁሩን ከሥር፣ ሌላ ልብስ ከላይ እየደረቡ አሥር ዓመት ለበሱት። በድብቅ ያዘነ ሰው፣ በቃሽ አሁን አውልቂው የሚለው ጎረቤት እንኳ የለውም።

አሁን ለምን ማስለቀቅ እንደፈለጉ ሲነግሩት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከሞያሌ ዕቃ የሚያመላልሰው ነጋዴ፣ ጠሀ፣ ናይሮቢ ውስጥ ባህሩ የሚባል የአዋሳ ልጅ አለ ሲባል ሰምቶ መጥቷል። ቀጭን ነው አሉት፣ ረጅም ነው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ቅዳሜ ከጠሀ ጋር ይሄዳሉ፤ ሱቁንም ለሰው ሊያስረክቡ ተስማምተዋል።

«ልጄ በሕይወት እያለ ጥቁር ለብሼ ሳሟርትበት ኖርኩ» አሉት። «እንዲህ ሆኜ እንዲያገኘኝ አልፈልግም። እሱ የገዛልኝን ለብሼ ነው የምሄደው። አንተ ደግሞ ሥራህ ቀለም ማጥፋት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

በዚያች ሰዓት መናገር ይችል ነበር። ባህሩ ሞቷል፤ ማቴዎስ ይህን የሚያውቀው በወሬ አይደለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብረው የታሰሩበት እስር ቤት በር ተከፍቶ ስም ሲጠራ፣ ባህሩ ተማሪ ቤት እንዳለ ልጅ «አቤት» ብሎ ሲነሳ በጆሮው ሰምቷል። በማግስቱ ጠዋት ሬሳ መኪና ላይ እንዲጭኑ ከተመረጡት አራት እስረኞች አንዱ ማቴዎስ ነበር፣ የባህሩን እግር ይዞ የጫነውም እሱ ነው። ከዚህ የከፋም አለ። ወፌ ላላ ተሰቅሎ ውስጥ እግሩ ሲገረፍ፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ስም ብቻ ስጠን አሉት። አንድ ስም ብቻ ሰጠ። ማቴዎስ ራሱ ከአራት ወር በኋላ ተፈታ።

ይህን ሁሉ ዋጠና «ሐሙስ አደርስልዎታለሁ» አላቸው።

ማቴዎስ ፈሪ ነው፤ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ነው። ድሮ ከወንጌል አማኞቹ ጋር ይዘምር ነበር። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ በኋላ ምእመኑ በየቤቱ እየተደበቀ ሲሰበሰብ እሱ ቀረ። ሰው ካድሬ ፈርቶ ነው አለ፤ የፈራው ግን ካድሬውን ሳይሆን ዓይን ተጨፍኖ በደል የሚናዘዙበትን ሰዓት ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ሥራውን አሳምሮ ያውቃል። ከማቅለሚያ ክፍሉ የሚወጣው ውሃ ዛሬ ቀይ፣ ነገ ሰማያዊ ሆኖ በብርጭቆ ይመጣለታል፣ የሱ ድርሻ ውሃውን ማጥራት ነው። አንዳንዱ ላይ ሸብና ኖራ ይጨምራል፤ ቀለሙ እንደ አተላ ይዘቅጥና ከላይ ያለው ይጠራል። አንዳንዱን በደቀቀ ከሰል ያሳልፈዋል፤ ከሰሉ ቀለሙን ይጠጣዋል። የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ደምሴ ግን በዚህ ደስ ብሏቸው አያውቅም። ይሄ ቦታ ማስቀየር ነው እንጂ ማጥፋት አይደለም፣ ቀለሙ አተላው ውስጥ ቁጭ ብሏል ይሉ ነበር። ማጥፋት ማለት ቀለሙን ቀለም ያደረገውን ማሰሪያ ከውስጡ መበጠስ ነው ይላሉ፣ ከተበጠሰ በኋላም ስባሪው የት እንደደረሰ ካልጠየቅህ ሠራሁ አትበል። ማቴዎስ ይህን በሰማ ቁጥር ሽማግሌው ስለ እሱ የሚያወሩ ይመስለውና ጆሮው ይግላል።

ከቀሚሱ እጥፋት ላይ አንድ ክር መዞ አሲድ ጠብ አደረገበት። ያው የተበላሸ እንቁላል ሽታ ወጣ፤ ድኝ ያለበት ጥቁር ነው። በረኪና ቢያደርግበት ማሰሪያው ይበጠሳል፣ ጥቁሩም ያልቅለታል፤ ነገር ግን አሥር ዓመት የተለበሰው ጨርቅም አብሮ ይበሰብሳል፣ አበቦቹም ይነጣሉ። ሌላው መንገድ በኮስቲክ ሶዳና በሃይድሮሰልፋይት የሚበጠበጥ መድኃኒት ነው። እሱ ጥቁሩን ፈትቶ ወደ ውሃው ያወጣዋል፣ ጨርቁ ላይ በሙጫ የታተሙትን አበቦች ግን አይነካቸውም።

ማክሰኞ፣ ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ፣ ቀሚሱን የሞቀ መድኃኒት ውስጥ ነከረው። ጥቁሩ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ወይባ ሆነ፤ ሰማያዊዎቹ አበቦች ከሥር ብቅ አሉ። ማቴዎስ ቀሚሱን በሁለት እጁ አነሳው። እርጥብ ጨርቅ ይከብዳል። እጆቹ ያንን ጠዋት የያዙትን ክብደት አስታወሱ፤ ሊጥለው ምንም አልቀረው። እንደ ምንም ሽቦው ላይ ሰቀለው።

ከዚያ ጥቁሩ ተመለሰ። መጽሐፉ ላይ ያለ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ቀለም መድኃኒቱ ውስጥ ተፈትቶ ይጠፋል፣ አየር ሲነካው ግን ተመልሶ ይሰበሰባል። ማቴዎስ ይህን ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቶበታል። ቢሆንም ደረቱ ላይ ያሉት አበቦች አንድ በአንድ ሲሰምጡ ሲያይ በመዳፉ ሊሸፍናቸው እጁን ዘረጋ። ከኋላው አንድ ሰው «አቤት» ያለ መሰለው። ዞር ሲል ማንም የለም፤ የውሃው ቧንቧ ብቻ ያንጠባጥባል።

ያን ጊዜ ከራሱ ጋር ተዋዋለ። ሦስት ጊዜ እሞክራለሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ከተመለሰ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ አለ። ሞኝ ነው! ራሱ መወሰን ያለበትን ነገር ለቀሚስ አሳልፎ ሰጠ። ረቡዕ ጠዋት ድጋሚ ነከረው፤ ድጋሚ ጠቆረ። በአመድ ቀለም ውስጥ የታዩት ሁለት አበቦች ጠፍተው ሲያልቁ እፎይታ የመሰለ ነገር ተሰማው፣ በእፎይታውም አፈረ።

ሦስተኛው ላይ ግን እጁ አላስቻለው። ባለሙያ እጅ ያየውን ስህተት ማረም አይተውም፣ ባለቤቱ ባይፈልግም። ቀሚሱን ከውሃው ማውጣት አልነበረበትም፤ አየር ሳይነካው የተፈታውን ጥቁር ከሥሩ እያፈሰሰ፣ ከላይ አዲስ መድኃኒት እየጨመረ መሄድ ነበረበት። እንደዚያ አደረገ። አራት ጊዜ ለወጠለት፣ አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። የሚፈሰው ውሃ እየሳሳ ሄዶ በሰባተኛው ጠራ። አጥቦ ሲሰቅለው አበቦቹ እንዳሉ ቆዩ። አንድ ሰዓት ጠበቀ፣ ሁለት ሰዓት ጠበቀ፣ እንዲመለስ ተመኘ፣ ጥቁሩ ግን አልመጣም። ትንሽ አመድማ ከመሆኑ በቀር ያ የገዙት ቀሚስ ነው። ማቴዎስ ከቀሚሱ ፊት ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ፒያሳ ሄደ። ሱቁ ግማሹ ባዶ ሆኗል፤ ክሩ በካርቶን ታስሯል። እትዬ ሙሉጌጥ ቀሚሱን ሲያዩ ወስደው ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። ሲወጡ ለብሰውታል። ትከሻው ላይ ሰፍቷቸዋል። ፊታቸው ግን ድሮ ባህሩና ማቴዎስ አብረው ሲመጡ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ የነበሩት ሴትዮ ፊት ሆነ። የመስታወት ስባሪ አንስተው አንገታቸውን እያዩ፣ በእውነት ያውቀኛል ወይ፣ አርጅቻለሁኮ አሉ።

«እትዬ፣ አይሂዱ» አለ ማቴዎስ።

መንገዱን ፈርቶ መሰላቸው። ጠሀ ጥሩ ልጅ ነው፣ አያስነካኝም አሉት።

«ባህሩ ናይሮቢ የለም» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስልህ አለው። «እስር ቤት ውስጥ ሞቷል። እግሩን ይዤ መኪና ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ስሙን የሰጠኋቸውም እኔ ነኝ።»

እትዬ ሙሉጌጥ መስታወቱን በቀስታ አስቀመጡ። ሆዳቸው ላይ ያሉትን አበቦች በመዳፋቸው ወደ ታች ዳበሱ፣ ደግመው ዳበሱ። በዚህ መሃል አንዲት ሴት ገብታ ነጭ ክር ጠየቀች። ካርቶኑን ፈትተው ሰጧት፣ መልሷንም ሰጧት። ማቴዎስ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ አለ። ገዢዋ ስትወጣ ወደ እሱ ዞሩ።

«መርዶ እንዲህ አይነገርም» አሉ። «በቀን ብርሃን፣ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ አይነገርም። የሞተው ሰው ነው።»

የተፈታውን ካርቶን መልሰው አሰሩ።

«አቶ ወልደአማኑኤል ጋ ሂድ፣ የእድራችን ዳኛ ናቸው። የነገርከኝን በሙሉ ንገራቸው። ስሙን መስጠትህንም አታስቀር። ከዚያ ሰው ሰብስባችሁ ነገ ጎህ ሲቀድ ቤቴ ትመጣላችሁ። አንተ ከፊት ሆነህ በሰው ሁሉ ፊት ትናገራለህ።»

ጊዜው አሁንም ለአብዮት ጠላት የማይለቀስበት ያው ጊዜ ነበር። ያን መናገር ለነጋሪውም ለሰሚውም ምን ሊያመጣ እንደሚችል ሁለቱም ያውቃሉ። ማቴዎስ ግን በአሥር ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊል የሚገባውን ቃል እንደተሰጠው ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«እርስዎስ እስከዚያ?» አላቸው።

«እኔ ገና አልሰማሁም» አሉ።

ወንበራቸውን አውጥተው በሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ዘንበል ብላ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ማቴዎስ ወደ እድሩ ዳኛ ቤት መንገድ ሲጀምር፣ አንዲት ጎረቤት ቆም ብላ፣ ምነው እትዬ ሙሉጌጥ ዛሬ እንዲህ አማረብዎት ስትላቸው ሰማ። እግሩ ቆመ። እሳቸው የቀሚሱን ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርገው አሳዩዋት፤ ልጄ ባህሩ ነው የገዛልኝ አሏት፣ እየሳቁ።